ሰም፤ ቀለምና የአክሱም ሐውልት

በወላጆች ቀን በትምህርት ቤታችን አዳራሽ በገመድ ላይ የተሰቀሉትን ባለ ሥዕል ጨርቆች ያዩ ብዙ እንግዶች «ይኸ እንዴት ተሠራ? በማተሚያ ነው ወይስ በብሩሽ?» እያሉ ጠይቀውናል። አንዳንዶቹም «ለመሆኑ ጥንት በአክሱም ጨርቅ እንዲህ ይሠራ ነበርን?» ብለዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ በቆሙበት የሚመለስ አይደለም፤ ሁለተኛው ደግሞ በክበባችን ውስጥ ብዙ ያከራከረ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በመጽሔታችን ላይ ዘርዘር አድርጌ ለመጻፍ አሰብሁ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ባለፉት ሁለት ዓመታት ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይህን ሥራ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ከሚያሳዩት አራት ተማሪዎች አንዷ ነኝ። የማውቀውን ያወቅሁት ከሥዕል አስተማሪያችን ነው፤ ጥቂቱን ደግሞ እነዚያው ልጆች አስተምረውኛል።

ሥራው ባቲክ ይባላል። ቃሉ የጃቫ ሰዎች ቃል ነው፤ ጃቫም ዛሬ በኢንዶኔዥያ ግዛት ውስጥ ያለች ደሴት ናት። የሥራው ፍሬ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰም የጠጣ ጨርቅ ቀለም አይጠጣም። ጥጥ ውሃ ወዳድ ነው፤ ሰም ግን ውሃን ይገፋል። የቀለጠ ሰም በጨርቅ ላይ ሲፈስ በክሮቹ መካከል ሠርጎ ይገባና ሲቀዘቅዝ መንገዱን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ቀለም በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ሲነከር ሰም የሌለበት ስፍራ ቀለሙን ይጠጣል፤ ሰም ያለበት ግን እንደ ነበረ ይቀራል። እንግዲህ ባቲክ የሚሠራ ሰው በሰሙ የሚሥለው ቀለም እንዲነካው የሚፈልገውን ስፍራ ሳይሆን እንዳይነካው የሚፈልገውን ነው። ይኸ ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሲሠራ ግን የጀማሪን አሳብ የሚያዞር ነው። ልጆቹ ብሩሽ ሲይዙ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የለመዱት ጥቁሩን መሣል ነውና፤ «አሁን ነጩን ሣሉ» ሲባሉ እጃቸው ይቆማል።

እዚህ ላይ ከርእሴ ትንሽ ልውጣ። የአማርኛ አስተማሪያችን ጨርቆቹን ሊያዩ መጥተው ሰሙ በካውያ ሲቀልጥና ሥዕሉ ከሥሩ ብቅ ሲል ባዩ ጊዜ ሳቁና «እኛ በክፍል ስንት ሰዓት ሰምና ወርቅ ስንል የምንደክመውን እናንተ በአሥር ደቂቃ ታሳያላችሁ» አሉን። በእርግጥም የቅኔው ሰምና ወርቅ የተወሰደው ከአንጥረኛው ሥራ ነው። አንጥረኛው የጌጡን መልክ በሰም ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙ ቀልጦ በወጣበት ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። በባቲክ ግን ሰሙ ሲወጣ የሚገኘው ወርቅ ሌላ ነገር ሳይሆን ከመጀመሪያው የነበረው ጨርቅ ራሱ ነው።

አንዳንድ ሰው ባቲክ የጃቫ ብቻ ይመስለዋል። ሆኖም ቀለምን በሰም ወይም በሊጥ እየከለከሉ ጨርቅ ማስጌጥ በብዙ አገር የታወቀ ነው። በግብፅ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠሩ፤ መደባቸው ሰማያዊ ሥዕላቸው ነጭ የሆኑ የተልባ እግር ጨርቆች ተገኝተው ዛሬ በሙዚየሞች ይታያሉ። በናይጄሪያ የዮሩባ ሴቶች የካሳቫ ሙቅ በላባ እየሣሉ ጨርቁን በኒል ይነክሩታል። የጃቫ ሰዎች ግን ሥራውን ከሁሉ አሻግረውታል ቢባል ማጋነን አይደለም። ቻንቲንግ የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ እርሱም በእንጨት እጀታ ላይ የተተከለ ቀጭን አፍንጫ ያለው ትንሽ የመዳብ ጽዋ ነው። በዚህ እንደ ብዕር እየጻፉ የፀጉርን ያህል የቀጠነ መስመር በሰም ይሥላሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት መካከል ደግሞ ቻፕ የሚባለውን የመዳብ ማኅተም አወጡ፤ በእጅ ወራት የሚፈጀው በማኅተም በቀናት አለቀ። በዮግያካርታና በሱራካርታ ቤተ መንግሥት ፓራንግን የመሰለ ሥዕል ያለበትን ጨርቅ ከንጉሣውያን ቤተ ሰብ በቀር ማንም እንዳይለብስ ተከልክሎ ነበር። ሆላንዶችም ይህን ጨርቅ በፋብሪካ አስመስለው ሠርተው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሸጡት፤ ዛሬ ብዙ ሰው «የአፍሪካ ጨርቅ» የሚለው ደማቅ ልብስ የዚያ ንግድ ልጅ ነው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኔስኮ የኢንዶኔዥያን ባቲክ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል መዘገበው።

በአገራችን ሸማኔ ጌጡን የሚያስገባው በጥለት ነው። ክሩ አስቀድሞ ይቀለማል፤ ጥበቡም ከሸማው ጋራ አብሮ ይሸመናል። ስለዚህ ዘዴውን ከጃቫ፤ ሥዕሉን ከአክሱም ለማድረግ ተስማማን። ለምን አክሱምን መረጣችሁ ያለን ሰው ብዙ ነው። ምክንያታችን ትልቅ አይደለም። የዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ስለ አክሱም ያስተምራል፤ ልጆቹም የሐውልቱን ስም እንጂ በሐውልቱ ላይ የተቀረጸው ምን እንደ ሆነ አያውቁም ነበር። እኛም አናውቅም ነበር። ሐውልቱን በየካላንደሩና በየሆቴሉ ግድግዳ እያየነው ስላደግን በትክክል አይተነው አናውቅም።

በትክክል ሲታይ እነሆ ቤት ነው። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ባለ ብዙ ፎቅ ቤት አስመስለው ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው፤ ዛሬ ተሰባብሮ የወደቀው፤ ርዝመቱ ወደ 33 ሜትር፤ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ ሲሆን የ13 ፎቅ መልክ ተቀርጾበታል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮማ የወሰዱትና በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰው፤ በ2008ም በቀድሞ ስፍራው የቆመው ወደ 24 ሜትር ይደርሳል። በእግሩ ላይ ከነመቆለፊያው የተቀረጸ በር አለው፤ ይኸም የማይከፈት በር ነው። ከበሩ በላይ መስኮቶች ይደረደራሉ፤ በየፎቁም መካከል ክብ ክብ የሆኑ ነገሮች በመስመር ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። እነዚህን የሕንፃ ሊቃውንት የዝንጀሮ ራስ ይሏቸዋል። አክሱማውያን ግድግዳቸውን በድንጋይና በእንጨት እያፈራረቁ ሲሠሩ አግዳሚውን ጠርብ ከግንቡ ጋራ የሚያስሩት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ይወጣ ነበርና፤ ሐውልቱን የጠረበው ሰው ያንኑ የእንጨት ጫፍ በድንጋይ ላይ ቀረጸው። እውነተኛውን የእንጨት የዝንጀሮ ራስ ማየት የሚሻ ሰው በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ያገኘዋል። በላሊበላም ቤተ አማኑኤል የእንጨትና የድንጋዩ ድርድር ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ በግድግዳው ላይ ይታያል።

ይህን ለልጆቹ በነገርናቸው ጊዜ አንዱ «እንግዲያው ሐውልቱ የቤት ፎቶግራፍ ነዋ!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ልጅ መስኮቱን ሳይቆጥር አልሣለም።

ሁለተኛው የሥዕል ምንጫችን የአክሱም ገንዘብ ነው። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደን አይተነዋል፤ ከጥፍር ብዙም ስለማይበልጥ መስታወቱ ላይ በግምባራችን ተደፍተን ነበር። በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንጉሥ እንድቢስ በወርቅና በብር ገንዘብ ማሠራት ጀመረ። በወርቁ ገንዘብ ላይ የንጉሡ ራስ በመካከል ሆኖ በግራና በቀኝ ሁለት ዛላዎች ከብበውት ይታያል። ከላይ ደግሞ ክብና የጨረቃ ግማሽ አለ፤ ይኸም ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት የነበረው ሃይማኖት ምልክት ነው። ከዒዛና በኋላ በዚያ ስፍራ መስቀል ገባ። በአንዳንዶቹ የናስ ገንዘቦች ላይ መስቀሉ ብቻውን በስስ ወርቅ ተለብጧል። በ4ኛው መቶ ዓመት ከወጡት በአንዱ ላይ በግሪክኛ «ይህ ለአገሩ ደስ ያሰኝ» የሚል ተጽፎበታል። እኔ ከሁሉ ይህን ገንዘብ እወደዋለሁ፤ ንጉሥ በገንዘቡ ላይ ስሙንና ማዕረጉን ሲያስጽፍ እንጂ ሰው ደስ ይበለው ብሎ ሲያስጽፍ ብዙ አላነበብሁም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

ጨርቁ አቡጀዲ ነው። ናይሎን የተቀላቀለበት ጨርቅ ቀለሙን ስለማይዝ አይሆንም። አቡጀዲ ከሱቅ ሲመጣ ሙቅ ተቀብቶ የደረቀ ነውና፤ በሳሙና ተቀቅሎ ታጥቦ ካልተሰጣ ቀለሙ ከሙቁ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ክሩ አይደርስም። ሰሙን የምናገኘው ግማሹን ከሻማ ሲሆን ግማሹን ከጠጅ ቤት ነው። ጠጅ ከተጣለ በኋላ ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ተለቅሞ በውሃ ሲፈላና በጨርቅ ሲጠለል ንጹሕ የንብ ሰም ይወጣዋል። በትምህርት ቤታችን አቅራቢያ ያሉ አንዲት ጠጅ ጣይ ወይዘሮ ሰፈፉን በነፃ ይሰጡናል፤ እኛም ለበዓል አንድ ጨርቅ ወስደንላቸዋል። የንብ ሰም ብቻውን ልምጭ ስለ ሆነ አይሰነጠቅም። የሻማው ሰም፤ ማለት ፓራፊን፤ ደረቅ ስለ ሆነ ይሰነጠቃል፤ ይፈረፈራልም። ሁለቱን እኩል ስንቀላቅል ስንጥቁ በመጠኑ ይሆናል። ስንጥቅ ጉድለት አይደለም፤ ቀለሙ በስንጥቁ እየገባ የሚተወው እንደ ሸረሪት ድር ያለ መስመር የባቲክ መታወቂያው ነው፤ የሐውልቱም ድንጋይ ያረጀ ያስመስለዋል። የንጉሡን ፊት ግን ስንጥቅ እንዳያበላሸው በንብ ሰም ብቻ እንሸፍናለን።

ሰም በቀጥታ በእሳት ላይ አይጣድም። ይህን ለወላጆች ጭምር ብዬ እጽፋለሁ። ከልክ በላይ የጋለ ሰም ይጨሳል፤ ከዚያም ይነዳል፤ በሚነድ ሰም ላይ ውሃ ያፈሰሰ ሰው እሳቱን በክፍሉ ሁሉ ይረጨዋል፤ ማፈን ያለበት በክዳን ነው። ስለዚህ ሰሙን በጣሳ አድርገን ጣሳውን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ እናቆመዋለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የንብ ሰም ደግሞ በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። እንግዲህ በድስቱ ውስጥ ያለው ሰም ይቀልጣል እንጂ ከ92 ሊያልፍ አይችልም፤ የፊዚክስ አስተማሪያችን ይህን ምሳሌ ወስደው ለፈተና አውጥተውታል፤ የሥዕል ክበብ ልጆችም በዚያች ጥያቄ ሲደሰቱ ሌሎቹ ቅር አላቸው። ሰሙ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ጨርቁን ገልብጦ በማየት ነው። በጀርባው ዘልቆ ጨርቁ እንደ ዘይት ወረቀት ካሳለፈ ደኅና ነው፤ ከላይ ነጭ ሆኖ ከተጋገረ ቀዝቅዟል፤ ቀለሙም ከሥር ይገባበታል።

ቻንቲንግ በገበያችን ስላላገኘን በብሩሽ እንሠራለን። ለዝንጀሮ ራስ ግን ከብሩሽ የሚሻል ነገር አገኘን፤ ይኸውም ሸምበቆ ነው። ሸምበቆ በአግድሙ ሲቆረጥ ጫፉ ቀለበት ነው፤ ሰም ነክሮ በጨርቁ ላይ ጫን ሲያደርጉት ክብ ይተዋል። ቀጭኑና ወፍራሙ የተለያየ ክብ ይሰጣል። ይህን ያወጣው እኛ አይደለንም፤ ዋሽንት የሚሠራ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው። የመስኮቱን አራት ማዕዘን ከድንች እንቀርጻለን፤ ድንች ግን በሞቀ ሰም ቶሎ ስለሚበስል ከአሥር ጊዜ በላይ አይመታም፤ አሁን በእንጨት እየለወጥነው ነው።

ሥዕሉ በመጀመሪያ በወረቀት ይለካል። 24 ሜትሩን ሐውልት በ60 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ላይ ለማስቀመጥ 40 ጊዜ ማሳነስ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ጨርቁ በእርሳስ ይገለበጣል። ቀለሙ የሚሄደው ከብሩህ ወደ ጨለማ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ነጭ ሆኖ የሚቀረው ሁሉ፤ ለምሳሌ መስኮቶቹ፤ መጀመሪያ በሰም ይሸፈናል። ጨርቁ በቢጫ ይነከራል፤ ይደርቃል። አሁን ቢጫ ሆኖ የሚቀረው፤ ዛላዎቹና በገንዘቡ ላይ ያለው መስቀል፤ በሰም ይሸፈናል። ቀጥሎ በቀይ ሲነከር ቢጫው ላይ ስለሚያርፍ የበሰለ ብርቱካን ይመስላል። ከዚያም የዝንጀሮ ራሶቹ ይሸፈኑና በመጨረሻ ጥቁር ቡናማ ይገባል። በየመካከሉ አንድ ቀን መጠበቅ ስለሚያስፈልግ አንድ ጨርቅ በጥቂቱ አራት ዓርብ ይፈጃል። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አራት ሳምንት ታግሦ ውጤቱን ሳያይ መሥራቱ ራሱ የሚያስገርም ነው፤ ሰሙ እስኪነሣ ድረስ ጨርቁ የቆሸሸ ጀንዲ ነውና።

ቀለሙ በቀዝቃዛ ውሃ የሚሠራ መሆን አለበት፤ የሚፈላ ቀለም ሰሙን ያቀልጠዋል። ጥንት በዚህ ምክንያት ኒል የባቲክ ዋና ቀለም ነበር፤ ኒል በቀዝቃዛ ይሠራል፤ ጨርቁም ከማሰሮው ሲወጣ አረንጓዴ ይመስልና ነፋስ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል። እኛ የምንጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ አገር ፕሮሲዮን በሚል ስም ለገበያ ከወጡት ዓይነት ነው። ይኸ ቀለም በጥጡ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ሳይሆን ሶዳ ሲጨመርበት ከጥጡ ጋራ በኬሚካል ይተሳሰራል፤ ስለዚህ ታጥቦ አይለቅም። ዱቄቱ ሳንባ ስለሚጎዳ ሲበጠበጥ አፍና አፍንጫ መሸፈን፤ እጅም በላስቲክ ጓንት መሆን ይገባዋል። ጓንት የሌለው ልጅ በዚያ ቀን ሰም ብቻ ይሠራል።

ሲያልቅ ጨርቁ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ይደረግና በጋለ ካውያ ይተኮሳል፤ ጋዜጣው ሰሙን ይጠጣዋል። ይኸ ሰዓት በክበባችን ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ነው፤ የተራ ፀብ የሚነሣውም ያን ጊዜ ነው። የቀረው ሰም በፈላ ውሃ ይነሣል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝም ከላይ ረግቶ ስለሚገኝ ተለቅሞ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። ገና ለጀመሩት እሳት ሳይነካ የሚሠራ ቀላል መንገድም አለ፤ የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጦ በቀጭን ሊጥ መሣል ነው። ሊጡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀለሙ ግን በብሩሽ ይቀባል እንጂ ጨርቁ አይነከርም፤ ሊጥ በውሃ ይፈርሳልና።

ከሥራው ይልቅ ያስቸገሩን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው በጥር ወር የመጣ ነው። በከተማው ለእንግዶች ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ሃያ ጨርቅ ልግዛ ብሎ መጣ፤ ዋጋውም እኛ ካሰብነው እጥፍ ነበር። ነገር ግን በእያንዳንዱ ላይ «የጥንት አክሱማውያን የጨርቅ ጥበብ» የሚል ወረቀት እንድናያይዝ ፈለገ። ክበባችን የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን አክሱም ድረስ ወስዶ ሐውልቶቹን ለማሳየት ገንዘብ እያጠራቀመ ነበርና፤ ገንዘቡ ቀላል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ተሰብስበን ተነጋገርን።

እሺ እንበል ያሉት ጓደኞቼ ሐሰተኞች አልነበሩም። «ሥዕሉ የአክሱም ነው፤ ጨርቁ የአገራችን ነው፤ ሰሙም ከጠጃችን ነው፤ የቀረው ውሸት ጥቂት ነው፤ በእርሱ ሃያ ልጆች ታሪካቸውን በዓይናቸው ያያሉ» ይሉ ነበር። እኔ እንቢ ካሉት ወገን ነበርሁ። አክሱማውያን ጨርቅ ያውቁ ነበር፤ በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መጽሐፍ በግብፅ የተሠራ ልብስና ባለ ቀለም መጎናጸፊያ፤ ከሕንድም የጥጥ ጨርቅ በአዱሊስ ወደብ ይራገፍ እንደ ነበር ይናገራል። በሰም ሥዕል ይሠሩ ነበር የሚል ማስረጃ ግን በእጃችን የለም። ዓርብ ዓርብ ልጆቹን «መስኮቱን ቆጥራችሁ ሣሉ፤ የሌለውን አትጨምሩ» እያልን በወረቀቱ ላይ የሌለውን ብንጨምር የሚያምነን የለም አልሁ። ደግሞም የጃቫን ሰዎች ድካም በእኛ ስም መሸጥ ነው፤ ሐውልታችን በሰው አገር አደባባይ ወደ ሰባ ዓመት ቆሞብን ያዘንን ሰዎች የሌላውን ለመውሰድ መፍጠን አይገባንም። ድምፅ ተሰጠና በሁለት ድምፅ ብልጫ እንቢ ተባለ። ነጋዴው ቅር ሳይለው ሄደ። ዛሬ በጨርቆቻችን ጀርባ የሚሰፋው ወረቀት «ሥዕሉ ከአክሱም፤ ዘዴው ከጃቫ፤ ሥራው የተማሪዎች» ይላል። ከዚያ በኋላ የሸጥነው ሰባት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የአንዲት ልጅ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ቤተ ሰቧ ሙስሊሞች ናቸው፤ የመጡትም ከአርሲ ነው። ሌሎቹ መስቀል ያለበትን ገንዘብ ሲመርጡ እርስዋ ለብዙ ጊዜ ወረቀቷን ነጭ አድርጋ ተቀምጣ ቆይታ፤ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ይኸ ሁሉ የእኔም ነው እንዴ?» አለችኝ። የተናገረችው በቀስታ ስለ ነበር ለመመለስ ደነገጥሁ። አጠገቧ ያለው ልጅ ሊረዳት ብሎ «አንቺ ጨረቃ ያለበትን ሥሪ፤ እርሱ የእስላም ነው» አላት። አስተማሪያችን ሰምተው ቀረቡና ልጁን አረሙት፤ በገንዘቡ ላይ ያለው ጨረቃ እስልምና ከመነሣቱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የተቀረጸ መሆኑን አስረዱት። ለእርስዋም እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው በአክሱም ንጉሥ ዘንድ እንደ ተጠለሉ ነገሯት። «ይኸንንማ አባቴ ነግሮኛል» አለች፤ «እኔ የጠየቅሁት ስለ ሥዕሉ ነው።»

ከዚያ የገንዘቡን ሥዕል በአጉሊ መነጽር ብዙ ጊዜ አየችና፤ በንጉሡ ግራና ቀኝ ያሉትን ዛላዎች መረጠች። እኛ ስንዴ እንለው ነበር። እርስዋ ግን «ይኸ ገብስ ነው እንጂ ስንዴ አይደለም፤ ጢሙ እንዴት እንደሚረዝም አታዩም?» ብላ ተከራከረችን። የታሪክ ጸሐፊዎችም ስንዴ ወይም ገብስ እያሉ ይጽፉታልና አስተማሪያችን ሊፈርዱባት አልቻሉም። የሠራችው ጨርቅ ሁለት ትልልቅ የገብስ ዛላዎች በቡናማ መደብ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ንጉሥ የለም። በወላጆች ቀን የተሰቀለው በስተግራ መጨረሻ ላይ ነበር፤ አባቷም አይተው «የእኛ ማሳ ነው» አሉ።

ስለ መስቀሉም አንዲት እናት ያነሡት ነገር ነበር። አንድ እንግዳ መስቀል ያለበትን ጨርቅ ገዝቶ «ለምግብ ጠረጴዛዬ ይሆናል» ሲል ሰምተው፤ ወጥ የሚንጠባጠብበት ስፍራ ላይ መስቀል መነጠፉ እንደማይገባ ነገሩን። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስቀል የምንሥለው ለግድግዳ በሚሰቀለው ብቻ ነው፤ ለትራስና ለጠረጴዛ ሐውልት፤ መስኮትና ዛላ ይበቃል።

አንዳንድ ወላጆች ለብሔራዊ ፈተና በሚጠናበት ዓመት ዓርብን ሙሉ በሰም ማሳለፍ ምን ይጠቅማል ማለታቸውን ሰምተናል። እነርሱም የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኔም በዚህ ዓመት ከግንቦት ጀምሮ ትቼዋለሁ። ለዘጠነኛ ክፍል ግን ጊዜው አለ።

ለአክሱም ጉዞ የተጠራቀመው ገንዘብ ገና ከሚያስፈልገው ግማሽ አልደረሰም። በሚመጣው ዓመት ሥራውን የሚያሳዩት አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ያሉት ሦስት ተማሪዎች ሲሆኑ፤ ከእነርሱ ጋራ ያቺ የገብሷ ልጅ ሊጥ የሚሠሩትን አዲሶች ትረዳለች። መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ አንድ ሜትር የታጠበ አቡጀዲ፤ አሮጌ ጋዜጣና የላስቲክ ጓንት ይዞ ይምጣ። የሸምበቆዎቹ ማኅተሞች በሥዕል ክፍሉ ቁም ሣጥን በታችኛው መደርደሪያ፤ የንብ ሰሙ ደግሞ አይጥ እንዳይደርስበት ከላይ በጣሳ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ከአስተማሪያችን ዘንድ ነው።